ለመካሪያችሁ የሚከፍለው ማን ነው?

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የዛሬው ርእሳችን በገንዘብ ጉዳይ ከፍለን የምናማክረውን ሰው እንዴት እንምረጥ የሚል ነው። በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ወደዚህ ጉዳይ ያስገባችኝ ግን አክስቴ ናት።

አክስቴ ጡረታ ስትወጣ ጠቀም ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ተከፈላት። በዕድሜዋ ያን ያህል ገንዘብ በእጇ ገብቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ደስታዋን ያህል ፈራችው። ወዲያው አንድ ወጣት ቤቷ ድረስ መጣ። ትሑት ነው፣ «እናቴ» እያለ ነው የሚያናግራት፣ ቁጭ ብሎም ረጅም ሰዓት ሰማት። እኛ የሥጋ ዘመዶቿ ያን ያህል ጊዜ ሰጥተናት አናውቅም፤ ይህንን ስናገር ያመኛል። ለምክሩ አምስት ሳንቲም እንደማያስከፍላት ነገራት። በሦስተኛው ጉብኝቱ የቁጠባና የሕይወት መድን በአንድ ላይ የያዘ የአሥር ዓመት ውል ፈረመች።

በሁለተኛው ዓመት ታመመች፤ ቀዶ ሕክምና አስፈለጋት። ውሉን አፍርሼ ገንዘቤን ልውሰድ ስትል፣ ካስገባችው ግማሹ እንኳ እንደማይመለስላት ተነገራት። ያን ጊዜ ነው ወረቀቱን ይዛ ወደ እኔ የመጣችው።

ሌሊቱን ገጽ በገጽ አነበብኩት። ውሸት እፈልግ ነበር፤ አላገኘሁም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያ አብዛኛው ለሽያጭ ኮሚሽንና ለማስተዳደሪያ ወጪ እንደሚውል ተጽፏል። ውሉ ከጊዜው በፊት ቢፈርስ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚቆረጥ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ። ከሰንጠረዡ ሥር የአክስቴ ፊርማ አለ። ወጣቱ ሕግ አልጣሰም። ለምክሩ የከፈለችው እሷው ነበረች፤ የተከፈለው ግን እሷ በማታየው በኩል ነው። ደመወዙን የሚቆርጥለት ኩባንያው ነበር፤ እሱም ያገለገለው ደመወዙን የሚቆርጥለትን ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው «ጎበዝ የገንዘብ አማካሪ አግኝቻለሁ» ሲለኝ ስለ ጉብዝናው አልጠይቅም። መጀመሪያ የምጠይቀው ከፋዩ ማን እንደሆነ ነው።

በቋንቋችን አንድ ከባድ ቃል አለ፤ አደራ። አደራ የተቀበለ ሰው የራሱን ጥቅም ወደ ጎን ትቶ የባለቤቱን ይጠብቃል። አደራ በላ መባል ሌባ ከመባል ይከፋል፤ ሌባ የሚሰርቀው ያላመነውን ሰው ነውና። ነጋዴ ግን ባለአደራ አይደለም። ዕቃውን ቢያሞግስ ነውር የለበትም፤ እኛም ነጋዴ መሆኑን አውቀን ነው የምንሰማው። ችግሩ የሚመጣው ነጋዴው የባለአደራ ልብስ ለብሶ ሲቀመጥ ነው። «የፋይናንስ አማካሪ» የሚለው መጠሪያ ሁለቱንም ይሸፍናል፤ የቢዝነስ ካርዱን አይታችሁ የትኛው እንደሆነ ልታውቁ አትችሉም።

ልዩነቱ የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በሕግም የተጻፈ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።) አሜሪካ በ1940 የኢንቨስትመንት አማካሪዎችን የሚመለከት ሕግ አወጣች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 ሕጉን ሲተረጉም፣ አማካሪ ለደንበኛው የባለአደራ ግዴታ እንዳለበት፣ የጥቅም ግጭት ካለውም መግለጥ እንዳለበት አጸና። አክሲዮንና ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ በአንድ ላይ ኢንቨስት የሚደረግበትን) የሚያሻሽጡ ደላሎች ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ይጠየቁ የነበረው ያቀረቡት ነገር ለደንበኛው «ተስማሚ» መሆኑን ብቻ ነበር። መመሪያው ጠበቅ ያለው በ2020 ነው።

«ተስማሚ» የሚለው ቃል ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ልንገራችሁ። ሁለት የኢንቨስትመንት ፈንዶች አሉ እንበል፤ ሁለቱም የአንድ አገር ትልልቅ ኩባንያዎችን አክሲዮን የያዙ ናቸው። አንዱ በዓመት ከገንዘባችሁ 0.1 በመቶ ይወስዳል፣ ሌላው 1.5 በመቶ። ሁለቱም ለእናንተ ተስማሚ ናቸው ቢባል ስህተት አይደለም። ለሻጩ ኮሚሽን የሚከፍለው ግን ሁለተኛው ነው። ባለአደራ የመጀመሪያውን ያሳያችኋል። ነጋዴ ሁለተኛውን ያቀርብላችኋል፤ ሕግም አልጣሰም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ተመራማሪዎች ደንበኛ መስለው የሚቀርቡ ሰዎችን አሠልጥነው ወደ አማካሪዎች ልከው ነበር፤ ውጤቱ በ2012 ወጣ። ከተላኩት አንዳንዶቹ ገንዘባቸው አስቀድሞ በጥሩ ሁኔታ የተቀመጠ፣ ማለትም ገበያውን በሚከተሉ ርካሽ ፈንዶች የተበተነ አስመስለው ነበር የሄዱት። ለእነዚህ ሰዎች ትክክለኛው መልስ «ባለበት ይቆይ» ነበር። አማካሪዎቹ በአብዛኛው ያንን ነቅለው ወደ ውድ ፈንድ እንዲያዛውሩት ነው የመከሯቸው።

እዚህ ላይ «ስለዚህ አማካሪዎች ክፉዎች ናቸው» ብላችሁ እንዳትሄዱ፤ እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በካናዳ አማካሪዎችና በደንበኞቻቸው ላይ የተሠራ፣ በ2021 የታተመ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ አማካሪዎቹ የራሳቸውን ገንዘብ የት እንዳስቀመጡ አዩ። ያገኙት ነገር አስደንጋጭ ነው፤ አብዛኞቹ ለራሳቸውም ያደረጉት ለደንበኞቻቸው የመከሩትን ነው። ውድ ፈንድ ገዝተዋል፣ ቶሎ ቶሎ ገዝተው ሸጠዋል፣ በቅርቡ ዋጋው የጨመረውን ተከትለው ሮጠዋል። ሥራውን ከለቀቁ በኋላም በዚያው ቀጥለዋል።

አስቡት። ሰውዬው እያታለላችሁ አይደለም፤ ከልቡ ያምንበታል። የአክስቴ ወጣትም ምናልባት ለእናቱ ያንኑ ውል አስፈርሞ ይሆናል። እኛ ደግሞ ሰው የምንመዝነው በዓይኑ ነው፤ «ሰውዬው ቅን ነው፣ ሳየው ገባኝ» እንላለን። ልክ ልንሆን እንችላለን፣ ቅን ሊሆን ይችላል። ቅንነቱ ግን ምክሩን ትክክል አያደርገውም። ኮሚሽን የሚከፍል ኩባንያ ያሠለጠነው ሰው ውድ የሆነውን ጥሩ ነው ብሎ ማመንን የተማረው ከዚያው ሥልጠና ነው። ስለዚህ የሰውየውን ፊት ሳይሆን የቆመበትን ቦታ ነው ማየት ያለብን።

እሺ፣ ኮሚሽንን በሕግ ብንከለክልስ? የሞከሩ አሉ። ብሪታንያ ከ2013 መጀመሪያ አንሥቶ አማካሪዎች ከሚያቀርቡት የኢንቨስትመንት ምርት ኮሚሽን እንዳይቀበሉ ከለከለች። ኔዘርላንድስም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ እገዳ ጣለች። ምክር በግልጽ ዋጋ የሚሸጥ አገልግሎት ሆነ። እኔ ይህንን ውሳኔ እደግፋለሁ፤ ዋጋ አስከፍሏል ግን። ብዙ ሰው ሳያየው ሲቆረጥበት የኖረውን ገንዘብ በደረሰኝ ሲያየው ደነገጠ፣ መክፈልም አልፈለገም። አማካሪዎችም ብዙ ገንዘብ ወዳላቸው ደንበኞች አዘነበሉ። ትንሽ ቁጠባ ያለው፣ ምክሩ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ሰው፣ ውጭ ቀረ። ይህ እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው።

የአውስትራሊያው ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። እዚያም ከ2013 ጀምሮ በአዳዲስ የኢንቨስትመንት ምክሮች ላይ ኮሚሽን ታግዶ ነበር። በ2018 በይፋ በተካሄደው ትልቅ ምርመራ ግን ታላላቅ ባንኮችና የፋይናንስ ድርጅቶች ላልሰጡት ምክር በየዓመቱ ክፍያ ሲቆርጡ እንደኖሩ ተጋለጠ። ከሞቱ ደንበኞች ሒሳብ ሳይቀር ተቆርጧል። ደንበኛው ሞቶ ተቀብሮ የምክር ክፍያው ቀጥሏል! ስለዚህ «የምከፍለው እኔ ነኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። በየዓመቱ «ዘንድሮ ለከፈልኩት ምን ተሠራልኝ?» ብሎ መጠየቅም አለ።

አሁን ወደ ክፍያው ዓይነት እንግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

በጣም የተለመደው አማካሪው ከሚያስተዳድረው ገንዘብ በየዓመቱ መቶኛ መውሰዱ ነው፤ ብዙ ጊዜ 1 በመቶ። «አንድ በመቶ» ሲባል ጆሮ ላይ ቀላል ነው፤ ዘጠና ዘጠኙ የእኔ ነው እንላለን። እስቲ አብረን እናስላው። 1,000,000 አላችሁ፤ በየትኛውም ገንዘብ ይሁን። በየዓመቱ 6 በመቶ ቢያድግ በ30 ዓመት ወደ 5,743,000 ይደርሳል። በየዓመቱ አንዱ በመቶ ለአማካሪው ቢሄድና ዕድገቱ 5 በመቶ ቢሆን ግን 4,322,000 አካባቢ ይቆማል። ልዩነቱ 1,400,000 ይበልጣል፤ ልታገኙት ከምትችሉት ሩቡ ነው። ይህንን ስሌት መጀመሪያ ስሠራ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ሠርቼዋለሁ። እናንተም ቤት ሄዳችሁ ሥሩት።

ሌላም ነገር አለ። «ያለኝን ገንዘብ አውጥቼ የቤት ዕዳዬን ልክፈል ወይስ ኢንቨስት ላድርገው?» ብላችሁ በመቶኛ የሚከፈለውን አማካሪ ጠይቁት። ዕዳችሁን ከከፈላችሁ የእሱ ድርሻ ይቀንሳል። ሐቀኛ ሰው ቢሆን እንኳ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ተጎትቶ ነው የሚጀምረው።

ይህ ማለት መቶኛ ሁልጊዜ ብክነት ነው ማለት አይደለም። ገበያ ሲወድቅ ደንግጦ በዝቅተኛው ዋጋ የሚሸጥ ሰው አለ። ያን ሰው በዚያች ሳምንት ስልክ አንሥቶ «ረጋ ይበሉ፣ ይህ እንደሚመጣ ተነጋግረናል» የሚለው ሰው ካለው፣ ያቺ አንዲት ስልክ የብዙ ዓመት ክፍያ ልትመልስ ትችላለች። ራሳችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ለአብዛኛው ሰው ግን ይሻላል ብዬ የማምነው የምክሩን ዋጋ ከገንዘቡ መጠን ጋር የማያያይዝ አማካሪ ነው፤ በሰዓት የሚያስከፍል፣ ወይም ለአንድ ሙሉ ዕቅድ ቁርጥ ዋጋ የሚጠራ። በሰዓት ሲሆን ሥራውን ሊያንዛዛው ይችላል፤ ስለዚህ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስቀድሞ ያሳውቃችሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «በደንበኛ ክፍያ ብቻ» የሚሠራና «በክፍያ ላይ የተመሠረተ» አገልግሎት የሚሰጥ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ከእናንተም ይቀበላል፣ ኮሚሽንም ይቀበላል። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ፈልጓት፤ ከሌለች ጠይቁ።

ወደ ማጣራቱ እንምጣ። ሳያጣሩ ወሬ ሳይገሉ ጎፈሬ ይባላል። በብዙ አገሮች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል። በአሜሪካ የአማካሪውን የሥራ ታሪክና የቀረበበትን አቤቱታ በነጻ ማየት ይቻላል፤ በብሪታንያና በአውስትራሊያም የሕዝብ መዝገብ አለ። ይህ ሁሉ እያለ ብዙ ሰው አይቶት አያውቅም። ማየቱ ግን ይጠቅማል። በአሜሪካ በተሠራ ሰፊ ጥናት ከመቶ አማካሪዎች ሰባት ያህሉ የጥፋት መዝገብ ነበረባቸው፤ አንድ ጊዜ ያጠፋ ሰው እንደገና የማጥፋት ዕድሉ ከአማካይ አማካሪ አምስት እጥፍ ነበር። በጥፋት ከሥራ ከተባረሩትም ግማሽ የሚጠጉት በአንድ ዓመት ውስጥ በዚያው ሙያ ሌላ ድርጅት ተቀጥረዋል። አዲሱ ቢሯቸው ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ይህንን ከማን ትሰማላችሁ? ከመዝገቡ ብቻ ነው።

ስታጣሩ ግን ሰውዬው በላከላችሁ ማስፈንጠሪያ አትግቡ፤ የመሥሪያ ቤቱን ገጽ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ግቡ። የእውነተኛ ድርጅትን ስምና የፈቃድ ቁጥር ገልብጠው፣ ስልክ ቁጥሩን ብቻ ቀይረው የሚያታልሉ አሉ። በመዝገቡ ላይ ባለው ስልክ ደውላችሁ «እገሌ የሚባል ሠራተኛ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መዝገብም ብቻውን አይበቃም። በአሜሪካ የብዙ ሰው ገንዘብ አስተዳድራለሁ እያለ ያጭበረበረውን በርናርድ ማዶፍን ሁላችሁም ሰምታችሁ ይሆናል። በታኅሣሥ 2008 ሲያዝ የደንበኞቹ መግለጫ ወረቀት ላይ የተጻፈው ገንዘብ 65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በአብዛኛው የሌለ ገንዘብ። ሰውዬው ከ2006 ጀምሮ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የተመዘገበ አማካሪ ነበር። ሃሪ ማርኮፖሎስ የተባለ ባለሙያ ከ2000 አንሥቶ «ይህ ትርፍ በስሌት የማይሆን ነው» እያለ ለዚያው መሥሪያ ቤት ደጋግሞ አመልክቷል፤ የሰማው አልነበረም። ደንበኞቹ የመጡት አብዛኞቹ በወዳጅና በዘመድ ምስክርነት ነው። ማንም ያላጣራው ሌላው ያጣራ መስሎት ነው።

ለእኔ የማዶፍ ታሪክ ዋና ነገር ግን ሌላ ነው። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው እሱ፣ ገንዘቡን የሚይዘው የእሱ ድርጅት፣ መግለጫውን አትሞ የሚልከውም የእሱ ድርጅት ነበር። ሒሳቡን የሚመረምረው ደግሞ በሥራ ላይ ያለ አንድ የሂሳብ አዋቂ ብቻ የነበረው ትንሽ ቢሮ ነው። በሙያዬ ይህንን ስናገር ይዘገንነኛል፤ መኪና የሚነዳውም መንገዱን የሚቆጣጠረውም አንድ ሰው እንደማለት ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ለአማካሪው በስሙ አትስጡ። ገንዘቡ በእናንተ ስም፣ ከአማካሪው ጋር በማይገናኝ ሌላ ተቋም ይቀመጥ። አማካሪው ይግዛ ይሽጥ የማለት ሥልጣን ቢኖረው እንኳ ወደ ራሱ የማውጣት ሥልጣን አይኑረው። መግለጫውም ከዚያ ተቋም በቀጥታ ለእናንተ ይድረስ። ይህንን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ የዛሬው ምሽት አልባከነም።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ እኔ የማዳምጠው ጥቂት ነገር ነው። ስለ ዕዳችሁ ይጠይቃል? ወለዱ ከፍተኛ የሆነ ብድር እያለባችሁ ስለ አክሲዮን የሚያወራ ሰው ሥራውን አልጀመረም። ለክፉ ቀን ያስቀመጣችሁት አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል? ያልገባችሁን ነገር ሁለተኛ ስትጠይቁት በቀለለ ቃል ያስረዳል ወይስ በከበደ? «ይህንን አላውቅም፣ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ይላል? የሚል ሰው ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። ያለ ምንም ስጋት ትርፍ እንደምታገኙ ቃል የሚገባላችሁ ከሆነ ወይም «እስከ ነገ ብቻ ነው» ካለ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ተነሡ።

ዕዳ የከበደባችሁ ሰዎች ካላችሁ ደግሞ፣ ለምክር ከመክፈላችሁ በፊት በነጻ የሚሰጥ የዕዳ ምክር ካለ ፈልጉ። በአንዳንድ አገሮች በመንግሥት ወይም በበጎ አድራጎት ድርጅት የሚደገፍ እንዲህ ያለ አገልግሎት አለ።

አክስቴ ከሕክምናው አገግማ የተረፋትን ገንዘብ ምን ላድርገው ስትል እኔ አልመከርኳትም፤ ዘመድ ነኝ፣ ሙያውም የእኔ አይደለም። ሦስት ጥያቄ ጽፌ ሰጠኋት። ከእኔ ሌላ ከማን ትቀበላለህ? በሥራህ ሁሉ የእኔን ጥቅም ለማስቀደም በሕግ ግዴታ አለብህ? በአጠቃላይ፣ ሁሉም ተደምሮ፣ በዓመት ስንት ይወጣብኛል? ከሥር ደግሞ «መልሱ በጽሑፍ ይሁን» ብዬ አሰመርኩበት።

መጀመሪያ የሄደችበት ሰው ሦስቱንም በቃል በደንብ መለሰላት። ጻፍልኝ ስትለው ግን «እኛ ዘንድ እንዲህ ዓይነት አሠራር የለም» አላት። አመስግና ወጣች። ሁለተኛዋ ሴት ናት፤ ወረቀቱን ተቀብላ እዚያው ፊቷ ጽፋ፣ ፈርማ ሰጠቻት። ክፍያው ቁርጥ ነበር። አክስቴ ሲከፈል ከልቧ አዘነች፤ «ለወሬ ይህን ያህል ይከፈላል?» ብላ ደውላ ተቆጣችኝ።

ምክሩ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። በስሟ የቀረውን ትንሽ ብድር ዝጊ፣ የአንድ ዓመት ወጪሽን በቀላሉ የምታወጪው ሒሳብ ውስጥ አስቀምጪ፣ የቀረውን እንዲህ አድርጊ ይላል። ለአማካሪዋ አንድም ተጨማሪ ሳንቲም የሚያመጣ ነገር የለበትም። መጨረሻው ላይ በእጅ ጽሑፍ የተጨመረ መስመር አለ፤ አክስቴ ደጋግማ የምታነብልኝ እሷን ነው። «በየዓመቱ መምጣት አያስፈልግዎትም፤ ኑሮዎ የተለወጠ እንደሆነ ይደውሉልኝ» ይላል።

ሦስቱን ጥያቄዎች በወረቀት አባዝቼ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ስትወጡ ውሰዱ። አሁን የእናንተን ጥያቄ ልስማ።